ከራስል እስከ ለብሮን፦ የተለያየ ዘመን ተጫዋቾችን በምን እንለካቸው?

የለገሃር ልጅ | ድሬዳዋ

ሰላም ጀማዓ። ማታ ሜዳ ላይ ሳይቋጭ የቀረውን ክርክር እዚህ አምጥቼዋለሁ። ፀሐዩ በረድ ሲል እንጫወታለን፣ ከዚያ ሻይ ይዘን አጥሩ ሥር ቁጭ እንላለን፣ ከዚያ ያው ጭቅጭቅ ነው። ማይክል ጆርዳን ወይስ ለብሮን ጀምስ? አቦ ስንት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰው ብቻ! ከነሱ በፊት ቅርጫት ኳስ አልነበረም እንዴ?

እኔ የማነሳው ቢል ራስልን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።) ራስል ለቦስተን ሴልቲክስ 13 የውድድር ዘመን ተጫወተ፣ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። አስራ አንድ! የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግሞ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ነው የወሰደው። አምስት ጊዜ ኤምቪፒ፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች፣ ተብሏል። ግን ስሙን ስጠራ ልጆቹ ስልካቸውን ያወጡና "በጨዋታ 15 ነጥብ ብቻ?" ብለው ይዘጉታል።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ራስል ጨዋታ የሚያሸንፈው በመከላከል ነበር። ኤንቢኤ (የአሜሪካው ሊግ) ብሎክ፣ ማለትም የታገደ ውርወራ፣ መቁጠር የጀመረው ግን በ1973-74 ነው፣ እሱ ጫማውን ከሰቀለ ከዓመታት በኋላ። የፍጻሜ ኮከብ ሽልማትም የተጀመረው በሱ የመጨረሻ ዓመት፣ በ1969 ነው። ያኔም የተሸነፈው ቡድን ተጫዋች ጄሪ ዌስት ወሰደው። በ2009 ሽልማቱ ራሱ በራስል ስም ተሰየመ፤ እሱ ግን አንድም የለውም። ሰንጠረዥ ብቻ እያየን የምንፈርድ ከሆነ፣ ያልተቆጠረለትን ሥራ እንዳልሠራው እያደረግን ነው።

የኔ መለኪያ አንድ ናት። ሰውየው በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሕግ ከተጫወቱት እኩዮቹ ምን ያህል ራቀ? እስቲ በሉ።

ሳቢያን 23 | ድሬዳዋ

ራስልን አከብራለሁ ወንድሜ። ግን በራስህ መለኪያ መልሱ ጆርዳን ነው።

እኛ ጆርዳንን ያየነው በካሴት ነው። በጅቡቲ በኩል የመጣ ካሴት፣ ስንት እጅ ዞሮ ምስሉ የሚንቀጠቀጥ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ 23 ቁጥር ማሊያ ተሰቅሎ ካየን የዚያን ቀን ሌላ ወሬ የለም። ስለዚህ በስሜት ነው የሚያወራው ትሉኝ ይሆናል፣ እሺ፣ ቁጥሩን እንየው። ስድስት ጊዜ ፍጻሜ ገባ፣ ስድስቱንም አሸነፈ፣ አንዱም ሰባተኛ ጨዋታ ድረስ አልሄደም። ስድስቱንም የፍጻሜ ኮከብ እሱ ነው። አስር ጊዜ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ሆኗል። በ1988 ደግሞ ኤምቪፒ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና ከፍተኛ አስቆጣሪ፣ ሦስቱንም በአንድ ዓመት። ራስል በመከላከል፣ ዊልት ቻምበርሌን በማስቆጠር ትላላችሁ፤ ይሄ ሰውዬ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያደረገ ነው።

ደግሞ የዛሬ ልጆች የማያውቁት ነገር አለ። ያኔ ተከላካይ እጁን ወገብህ ላይ አድርጎ እየገፋ ወደፈለገበት ይወስድህ ነበር። ሊጉ ይሄን በደንብ ያጠበቀው በ2004-05 ነው። ዲትሮይት በ1988፣ በ1989 እና በ1990 ጆርዳንን እየደበደበ ከፕሌይኦፍ (ከጥሎ ማለፉ) አስወጥቶታል። ሰውየው ክብደት ጨምሮ ተመለሰና በ1991 4 ለ 0 አሰናበታቸው። ይሄን ያየ ሰው ሌላ ስም አይጠራም።

የንጉሡ ደጋፊ | ድሬዳዋ

ጋሽ ሳቢያን 6 ለ 0 ማለት መቼ ነው የምታቆሙት? በ1985፣ በ1986 እና በ1987 ጆርዳን በመጀመሪያው ዙር ነው የወጣው። ማንም አያነሳበትም። ለብሮን አስር ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ ስድስቱን ተሸነፈ፣ ያ ግን ሁልጊዜ ይነሳበታል። ፍጻሜ ደርሶ መሸነፍ ከመጀመሪያው ዙር ከመውጣት የሚብሰው በየትኛው ሂሳብ ነው? ከ2011 እስከ 2018 ስምንት ዓመት በተከታታይ ፍጻሜ ነበረ ሰውዬው።

እና 2016! ጎልደን ስቴት 73 አሸንፎ 9 ብቻ የተሸነፈበት ዓመት። የለብሮን ክሊቭላንድ በፍጻሜው 3 ለ 1 ተመርቶ ከዚያ ሦስት ተከታታይ አሸነፈ። በፍጻሜ ታሪክ እንዲህ የተመለሰ ሌላ ቡድን አልነበረም። ያን ሌሊት በኛ ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው ጨዋታው ያለቀው፣ ጎረቤት እንዳይነቃ ትራስ ነክሼ ነው የጮህኩት።

ዕድሜውንም እዩ። በ18 ዓመቱ ገባ፣ 40 ሞልቶትም ይጫወታል። በ2024 ከገዛ ልጁ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ገብቷል። በ2023 የካሪም አብዱል ጀባርን የ38,387 ነጥብ ክብረ ወሰን አለፈ፣ በሚቀጥለው ዓመት 40,000 ገባ። ከእኩዮቹ ምን ያህል ራቀ ከተባለ፣ እኩዮቹ ሁሉ ቤታቸው ገብተው ከሱ ልጅ እኩዮች ጋር እየተጫወተ ነው።

ደቻቱ | ድሬዳዋ

ስሜቱን ትተን እንነጋገር። የድሮዎቹ ዛሬ ቢመጡ ይቸገራሉ።

ራስል ሲገባ ሊጉ ስምንት ቡድን ነበረው። በቃ ስምንት። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዙር ካሸነፍክ ሻምፒዮን ነህ። ዛሬ 30 ቡድን ነው፣ አራት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ዙር አራት ድል ይፈልጋል። ተጫዋቾቹም ያኔ ከአንድ አገር ነበሩ ማለት ይቻላል። አሁን ከ2019 እስከ 2025 ኤምቪፒ የወሰዱትን ቁጠሩ፦ ያኒስ ከግሪክ፣ ዮኪች ከሰርቢያ፣ ኤምቢድ ከካሜሩን፣ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ከካናዳ። አሜሪካ የተወለደ አንድም የለም። ዓለም ሁሉ የሚፎካከርበት ሊግና ስምንት ከተማ የሚፎካከርበት ሊግ አንድ አይደሉም።

የዊልት ቻምበርሌን ቁጥርም እንደዚያው ነው። በ1961-62 በአማካይ 50.4 ነጥብ፣ አንድ ጨዋታ ላይ 100። ያስደነግጣል። ግን ያኔ አንድ ቡድን በጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ይወረውር ነበር፣ አሁን ዘጠና ገደማ ነው። ብዙ ከተወረወረ ብዙ ይገባል፣ ብዙም ይሳታል፣ ሪባውንዱም (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ይበዛል። ዊልት በዚያ ዓመት በጨዋታ በአማካይ 48.5 ደቂቃ ሜዳ ላይ ነበር። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው! ትርፍ ሰዓቱን ጨምሮ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ፈረስ መጋላ | ሐረር

እስካሁን ኮቢ ብራያንትን የጠራ የለም??? 81 ነጥብ በቶሮንቶ ቡድን ላይ፣ ጥር 22 ቀን 2006። አምስት ዋንጫ። ኮቢ የሌለበት ዝርዝር አላነብም።

አሰልጣኙ | ሐረር

ልጆች፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። ደቻቱ ያነሳው ነገር ከባድ ነው፣ በስድብ ሳይሆን በነገር መመለስ አለበት።

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ብዙም ሳይቆይ 2:12:11። ሁለቱም በጊዜው ከዓለም ምርጥ ሰዓት ነበሩ። በ2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጠች። በሰዓት ብቻ ከሄድን ትዕግስት አበበን ትቀድመዋለች። በዚህ ምክንያት አበበ ትልቅ አልነበረም የሚል ሰው ድሬም ሐረርም ውስጥ አለ? ጫማው ተለወጠ፣ አመጋገቡ ተለወጠ፣ ልምምዱ ሳይንስ ሆነ። ዛሬ የሚሮጡት አበበ የከፈተውን በር ገብተው ነው የሚሮጡት። ስለዚህ "ዛሬ ቢመጣ ይችላል?" የሚለው ጥያቄ ሰውየውን ሳይሆን ጫማውን ነው የሚለካው። ራስልን ከ1960 አንስታችሁ ዛሬ ስታመጡት፣ ዛሬ የተወለደ ልጅ የሚያገኘውን ሁሉ ስጡትና ከዚያ ጠይቁ።

የነበሩበትን ሁኔታም አትርሱ። በ1961 የቦስተን ጥቁር ተጫዋቾች ኬንታኪ ውስጥ ሌክሲንግተን ከተማ ለወዳጅነት ጨዋታ ሄደው ምግብ ቤት አናስተናግድም ተባሉ። ራስልና ጓደኞቹ አንጫወትም ብለው ተመለሱ። ቦስተን አምስቱንም ጥቁር ተጫዋቾች አሰልፎ ጨዋታ የጀመረው በ1964 መጨረሻ ነው፣ በኤንቢኤ የመጀመሪያው። ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው 11 ጊዜ ያሸነፈው።

ሌላ መለኪያ ልጨምርላችሁ። ልጆች ሳሰለጥን ሁልጊዜ የምነግራቸው ነው። ሕጉ የተለወጠው በማን ምክንያት ነው? ጆርጅ ማይካን ቅርጫቱ ሥር ቆሞ አልነቃነቅ ሲል በ1951 ከቅርጫቱ ፊት ያለውን ቀለም የተቀባ ቦታ ከ6 ጫማ ወደ 12 አሰፉት። ዊልት መጥቶ ያንንም ሲያጠበው በ1964 ወደ 16 ጫማ አደረሱት። ካሪም ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ ያኔ ሉ አልሲንዶር ነበር ስሙ፣ በ1967 በኮሌጅ ጨዋታ ዳንክ (ዘሎ ኳሱን ከላይ ቅርጫቱ ውስጥ መክተት) ጭራሽ ተከለከለ፣ እስከ 1976። አንድን ሰው ለማስቆም ተቃራኒ ቡድን አልበቃ ብሎ የሕግ መጽሐፉ ሲለወጥ፣ ያ ሰው ትልቅ ነው። ነጥብ ቆጠራ አያስፈልገውም።

ማሂ | ድሬዳዋ

ወንዶቹ ብቻ ናቸው እንዴ ቅርጫት ኳስ የተጫወቱት? ስለ 100 ነጥብ ስታወሩ ሸሪል ሚለር በ1982 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታ 105 ማስቆጠሯን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የኤንቢኤው ሬጂ ሚለር እህት ናት። ሬጂን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሷ በ1983 እና በ1984 የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆነች፣ በ1984 የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። ከዚያስ? ዛሬ ያለው የሴቶቹ ሊግ የተጀመረው በ1997 ነው። ለሷ ዘገየ፣ ጉልበቷም ተጎድቶ ነበር። ለገሃሮ ያልከው ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ራስል ብሎኩ ነው ያልተቆጠረለት። ሸሪል ግን ጨዋታው ራሱ ነው ያልነበራት።

ሊጉ ሲጀመር ደግሞ ሲንቲያ ኩፐር ሠላሳዎቹን አጋምሳ ነው የገባችው። ሂዩስተን የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ ወሰደ፣ አራቱንም የፍጻሜ ኮከብ እሷ ናት። አራት ከአራት። በሃያዎቹ ዕድሜዋ ጣሊያን ነበር የምትጫወተው፣ ምክንያቱም አገሯ ላይ ሊግ አልነበረም። ዳያና ቶራሲ ሊጉ ቆሞ ስላገኘችው ከ10,000 ነጥብ በላይ አስቆጠረች፣ ስድስት የኦሎምፒክ ወርቅም አላት። ማን ይበልጣል ብላችሁ ስትጠይቁኝ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው፦ ዘመኑ ምን ሰጣት፣ ምን ነሳት?

ለኔ ጉዳዩ የወሬ አይደለም። እዚሁ ድሬ ከኔ ጋር የጀመሩ ጎበዝ ልጆች ነበሩ። ሜዳው በምሽት ለወንዶች ብቻ ተለቀቀ፣ ቀን ደግሞ ሲሚንቶው በሙቀት ይጠብሳል። አንድ በአንድ ተዉት። ማንም ነጥባቸውን አልጻፈም።

የለገሃር ልጅ | ድሬዳዋ

ማሂ ይመችሽ። ሸሪል ሚለርን ማታውኑ ፈልጌ አየኋት፣ ኳስ አያያዟ ዛሬም ያስቀናል። የሜዳውን ሰዓት ነገር ደግሞ ለብቻው እንነጋገርበታለን፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ምሽት ለሴቶቹ መለቀቅ አለበት።

ደቻቱ | ድሬዳዋ

አበበን የሚነካ የለም፣ እሱ ላይ ተስማምተናል። ግን አሰልጣኝ፣ ሩጫ ሰዓት አለው። የ1964 ሯጭና የ2023 ሯጭ ያው 42 ኪሎ ሜትር ነው የሮጡት። ቅርጫት ኳስ ላይ ቁጥርህን የሚወስነው ፊትህ የቆመው ሰው ነው። ፊትህ የቆመው ደካማ ከሆነ ቁጥርህ ያብጣል። ስለዚህ "ከእኩዮቹ ምን ያህል ራቀ" ስትሉ እኩዮቹ እነማን ናቸው የሚለውን መመለስ አለባችሁ።

ለገሃር፣ አንተን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መለኪያህ ከእኩዮች መራቅ ከሆነ፣ ዊልት በ50.4 ነጥብ ከሁሉም ርቋል። ከራስል በላይ ለምን አታስቀምጠውም?

የለገሃር ልጅ | ድሬዳዋ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ስጠብቀው ነበር።

መጀመሪያ የስምንቱን ቡድን ነገር ልመልስ። ስምንት ቡድን ማለት በመላው ሊጉ መቶ የማይሞሉ ተጫዋቾች ማለት ነው። ደካማ ቡድን የሚደበቅበት ቦታ የለም። ራስል ዊልትን ሜዳ ላይ ከ140 ጊዜ በላይ ገጥሞታል። ዛሬ ሁለት ታላላቅ ሴንተሮች (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወቱት ረጃጅሞች) በተለያየ ምድብ ከሆኑ በመደበኛው ውድድር በዓመት ሁለቴ ነው የሚገናኙት። ራስል ግን ያንን ተራራ በየሳምንቱ ነበር የሚያገኘው ማለት ይቻላል።

አሁን ዊልት። ዊልት በ1960 ራስል ፊቱ ቆሞ 55 ሪባውንድ ወስዷል። ይሄ እስካሁን ክብረ ወሰን ነው። በቁጥር ዊልት ያሸንፋል፣ አልከራከርም። ግን ሁለቱ አራት ጊዜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ተገናኙ፦ በ1962፣ በ1965፣ በ1968 እና በ1969። አራቱንም ያሸነፈው ራስል ነው። የ1962ቱ በሁለት ነጥብ፣ 109 ለ 107። የመጨረሻው ደግሞ ሎስ አንጀለስ፣ በዊልት ሜዳ። በጠቅላላው ራስል አስር ሰባተኛ ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አልተሸነፈም።

ይሄም አይበቃህም እንበል። ዊልት 50.4 ባስቆጠረበት፣ 100 ባስገባበት በዚያው ዓመት ኤምቪፒ የተባለው ማን ነው? ራስል። ድምፅ የሰጠው ማን ነው? ያኔ ጋዜጠኛ አልነበረም የሚመርጠው፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ፣ እስከ 1980 ድረስ እንደዚያ ነበር። ዊልትን ሲከላከሉ ያደሩ፣ ራስል ፊት ለፊት ኳስ ለመወርወር የሞከሩ ሰዎች ናቸው ተቀምጠው ራስልን የጻፉት። እኔ የምለው እሱን ነው። ከስልክ ሰንጠረዥ በላይ እነዚያን ሰዎች አምናለሁ።

ሳቢያን 23 | ድሬዳዋ

ይሄን የተጫዋቾቹን ድምፅ ነገር አላውቅም ነበር። ከባድ ማስረጃ ነው። ጆርዳን ግን ከቦታው አይነቃነቅም፣ ሁለተኛውን ቦታ ተከራከሩበት።

ፈረስ መጋላ | ሐረር

እሺ ኮቢን ለጊዜው ላስቀምጠው፣ ምክንያቱም ከኮቢም በላይ የረሳችሁት ሰው አለ። ሀኪም ኦላጁዋን!

የሌጎስ ልጅ። እጅ ኳስና እግር ኳስ በረኛ ነበር፣ ቅርጫት ኳስን የያዘው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። በ1984 የመጀመሪያ ተመራጭ ሆኖ ሊግ ገባ፣ ከጆርዳን በፊት ማለት ነው። በ1994 እና በ1995 ሁለት ዋንጫ። ጆርዳን ቤዝቦል ላይ ነበር ትላላችሁ፣ በ1995 ግን ተመልሶ ነበር፣ ኦርላንዶ አስወጣው፣ ያንን ኦርላንዶ ከነሻክ (ሻኪል ኦኒል) ሀኪም 4 ለ 0 ጨረሰው።

እኛ ሐረር ላይ የምንወድበት ሌላም ምክንያት አለ። በረመዳን እየጾመ ይጫወት ነበር። የካቲት 1995 ረመዳን ነበር፣ ቀን ውሃ ሳይቀምስ ቆይቶ ሜዳ ይገባል፣ የዚያው ወር የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ወላሂ በጾም ሰዓት ደረጃ ስወጣ እንኳን ውሃ እያለምኩ ነው የምውለው። ብሎክ ደግሞ 3,830፣ መቆጠር ከተጀመረ ወዲህ ማንም አልደረሰበትም።

የንጉሡ ደጋፊ | ድሬዳዋ

ሀኪምን የሚጠላ ሰው አላየሁም። ግን ሕግ ስላስለወጡት ስታወሩ ሕግ ሳይለወጥ ጨዋታውን የለወጠውን ስቴፈን ከሪን ረሳችሁት። የሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ የገባው በ1979-80 ነው፤ ያኔ አንድ ቡድን በጨዋታ ሦስት ጊዜ እንኳን አይሞክርም ነበር። አሁን ከ35 በላይ ነው። ከሪ በ2015-16 402 አስገባ። ከሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 286 ነበር፣ እሱም የራሱ! ሜዳችን ላይ የ12 ዓመት ልጅ ከመሀል ሜዳ የሚወረውረው በማን ምክንያት ይመስላችኋል? አሰልጣኝ፣ እስቲ የርስዎን አንደኛ ይንገሩን።

አሰልጣኙ | ሐረር

የኔ አንደኛ ካሪም አብዱል ጀባር ነው። ምክንያቴ ደቻቱ ላነሳው ጥያቄም መልስ ይሆናል።

ዘመናትን ማወዳደር የሚያስቸግረው ሰዎቹ ተገናኝተው ስለማያውቁ ነው። ካሪም ግን ተገናኝቷል። ራስል በወጣበት ዓመት፣ በ1969 ገባ። ዊልትን በፕሌይኦፍ ገጠመው፣ በ1971 አሸነፈው፣ በ1972 ተሸነፈ። በጠቅላላው ሃያ የውድድር ዘመን ቆየ። በ1986 የሀኪም ሂዩስተን የካሪምን ሌከርስ 4 ለ 1 አስወጣ። ሀኪም በ1995 ሻክን አሸነፈ። ሻክ ከቲም ደንከን ጋር ስንት ጊዜ ተፋለመ። ደንከን ለብሮንን በ2007 እና በ2014 በፍጻሜ አሸነፈው፣ በ2013 ተሸነፈለት። ሰንሰለቱን ተከተሉት፣ ከዊልት ተነስታችሁ ለብሮን ጋ ትደርሳላችሁ፣ አንድም ቦታ አይበጠስም። የድሮዎቹ ደካማ ቢሆኑ ኖሮ ከነሱ ጋር እኩል ይታገል የነበረው ካሪም በሰማንያዎቹ ጠፍቶ በቀረ ነበር። እሱ ግን በ1971 የፍጻሜ ኮከብ ሆነ፣ በ1985ም፣ በ38 ዓመቱ፣ እንደገና ሆነ። በአስራ አራት ዓመት ልዩነት! በመሀል ሕጉ ተለወጠ፣ የሦስት ነጥብ መስመር መጣ፣ ሊጉ ሰፋ። የሱ ስካይሁክ፣ ያ በአንድ እጁ ከራሱ በላይ የሚወረውረው፣ ያው ነበር፣ የሚያግደውም ብዙ አልተገኘም። ስድስት ኤምቪፒ አለው፣ ከዚያ በላይ ያለው የለም። ስድስት ዋንጫ። ከኮሌጅ ሦስት ዋንጫ፣ 88 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፎ።

ከሱ ቀጥሎ ራስል፣ ጆርዳን፣ ለብሮን፣ ዊልት። ሴቶቹን ለብቻ እጽፋለሁ፣ ማሂ ከተስማማች አብረን።

ማሂ | ድሬዳዋ

እስማማለሁ። ሲንቲያ ኩፐር አንደኛ ካልሆነች ግን አልፈርምም።

ደቻቱ | ድሬዳዋ

የሰንሰለቱ ነገር ጥሩ ነው አሰልጣኝ፣ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ካሪም በ1985 የፍጻሜ ኮከብ ሲሆን አጠገቡ ማጂክ ጆንሰን ነበር። በ1980 ካሪም ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ የቀረበትን ስድስተኛ ጨዋታ ማጂክ፣ ገና ጀማሪ እያለ፣ 42 ነጥብ፣ 15 ሪባውንድና 7 አሲስት (ነጥብ የሆነ ቅብብል) አድርጎ ዋንጫውን ዘጋው። ማጂክ ባይኖር ካሪም ስድስት ዋንጫ ይኖረው ነበር?

የለገሃር ልጅ | ድሬዳዋ

አቦ ማጂክ ባይኖር ከተባለማ ለጆርዳን ፒፐን ባይኖር፣ ለራስል ሳም ጆንስ ባይኖር እያልን ልንሄድ ነው! ማጂክን ለብቻው ክር ክፈትለት፣ እኔ የመጀመሪያው ነኝ የምመልስልህ።